በቴሌግራም የሚዞር ቪዲዮ፣ ደብዳቤና የሕዝብ ብዛት ቁጥር ከመዘገቡ በፊት እንዴት ይጣራል?

ዴስክ_12
ሰላም ለሁላችሁ። ለአነስተኛ የኤፍኤም ሬዲዮ ዜና ክፍል የማጣሪያ አሠራር እያዘጋጀን ነው። ሰዉ ጥቂት ስለሆነ ለአንድ ጉዳይ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ መስጠት አይቻልም። በብዛት የሚደርሰን ሦስት ዓይነት ነው፤ "ዛሬ እንዲህ ሆነ" ተብሎ በቴሌግራም የሚዞር አጭር ቪዲዮ፣ በስልክ የተነሣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ እና "ይህን ያህል ሺህ ሕዝብ ወጣ" የሚል ቁጥር። ከየቱ እርምጃ ይጀመር? በኤአይ የተሠራውን እንለያለን የሚሉት ድረ ገጾችስ ምን ያህል ይታመናሉ?

ማኅደር
ከመመርመር በፊት ማስቀመጥ ይቀድማል። ሐሰት የለጠፈ ሰው ጥያቄ ሲበዛበት ያጠፋዋል። ያኔ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ማንም ሊሠራው የሚችል ስክሪንሾት ብቻ ነው።

የልጥፉን ሊንክ ኮፒ አድርጉ (የቻናሉን ሳይሆን የልጥፉን የራሱን)፣ ዌይባክ ማሽንና አርካይቭ ቱዴይ የተባሉት የድረ ገጽ ቅጂ ማስቀመጫዎች ሁለቱም ላይ አስቀምጡት፣ ቪዲዮውን አውርዱት፣ ከዚያ አድራሻው፣ ቀኑና ሰዓቱ በአንድ ላይ የሚታይበት ስክሪንሾት አንሡ። ፌስቡክ ላይ ዌይባክ ብዙ ጊዜ የመግቢያ ገጹን ብቻ ይዞ ይመለሳል፤ "ተቀምጧል" ስላላችሁ አትመኑት፣ የተቀመጠውን ከፍታችሁ እዩ። የቆዩ የማጣሪያ መመሪያዎች ስለ ጉግል ካሽ (ጉግል ይይዘው ስለነበረው የገጽ ቅጂ) እና ስለ ክራውድታንግል (የፌስቡክ ልጥፍ ስርጭት መከታተያ) ያወራሉ። ሁለቱም በ2024 እ.ኤ.አ. ተዘግተዋል፤ ጊዜ አታጥፉባቸው።

ቴሌግራም ላይ ሦስት ነገር ይታያል። ልጥፉ "ፎርዋርድድ ፍሮም" የሚል ካለበት እሱን እየተከተላችሁ ወደ መነሻው ውጡ። አውርዶ እንደ አዲስ የጫነው ከሆነ ግን ሰንሰለቱ እዚያው ይቆረጣል። የእይታ ቁጥሩም የቻናሉን ስፋት አይነግራችሁም፤ ልጥፉ ወደ ሌላ ቻናል ሲላክ እዚያ ያየው ሰውም ተደምሮ ነው የሚቆጠረው። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነው። ቻናል ላይ የወጣ ጽሑፍ ሲታረም የሚታየው ቀን የመጀመሪያው ቀን ሆኖ ይቀራል፤ ከጎኑ "ኤዲትድ" የምትል ትንሽ ቃል ብቻ ትጨመራለች። "ከሁለት ሳምንት በፊት ተናግሬ ነበር" የሚሉ ትንቢተኛ ቻናሎች በዚህ ነው የሚሠሩት። ማንም ልብ የማይለው ልጥፍ ቀድመው ያስቀምጣሉ፣ ነገሩ ከተፈጸመ በኋላ ጽሑፉን ይቀይሩታል። "ኤዲትድ" ያለበትን ልጥፍ ቀን ማስረጃ ብላችሁ አታቅርቡ።

የፌስቡክ ገጽ ከሆነ "ፔጅ ትራንስፓረንሲ" የሚለውን ክፈቱ። ገጹ መቼ እንደተከፈተ፣ ስሙ ስንት ጊዜ እንደተቀየረና አስተዳዳሪዎቹ በየትኛው አገር እንዳሉ ያሳያል። ትናንት የቀልድ ገጽ የነበረው ዛሬ "ሰበር ዜና" ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

የሸገር_ልጅ
ወደ ቪዲዮው ልግባ። የተለመደው ሐሰት ከባዶ የተፈበረከ ምስል አይደለም፤ እውነተኛ ምስል ላይ ሐሰተኛ መግለጫ መለጠፍ ነው። የሱዳን፣ የየመን ወይም የሶርያ ቪዲዮ የአማርኛ ጽሑፍ ተደርቦበት ይመጣል። ለጦርነት ቪዲዮ ደግሞ አርማ 3 የተባለው የኮምፒውተር ጌም አለላችሁ፤ በዩክሬን ጦርነት ጊዜ ከዚህ ጌም የተቀዳው እንደ እውነተኛ ውጊያ በጣም ስለተሰራጨ ሠሪው ድርጅት ራሱ በ2022 እ.ኤ.አ. መግለጫ አውጥቶ ነበር።

ከቪዲዮው ከ4 እስከ 6 ፍሬም አውጡ። ኢንቪድ የተባለው የብራውዘር ተጨማሪ በራሱ ያወጣላችኋል፣ ካልሆነም እያቆማችሁ ስክሪንሾት ማንሳት ይበቃል። የምትመርጡት ፍሬም ሕንፃ፣ ተራራ ወይም ምልክት የሚታይበት ይሁን፤ ጭስና የሚሮጥ ሰው ብቻ ያለበት የትም አያደርስም። ከዚያ በላዩ ላይ የተጻፈውን አማርኛና የቻናሉን ሎጎ ቁረጡት፤ ይህ ካልተደረገ ፍለጋው ያንኑ የዞረውን ኮፒ እየደጋገመ ያመጣል።

አንድ የፍለጋ ሞተር አይበቃም። ጉግል ሌንስ ዕቃና ሕንፃ ይለያል፣ ያንዴክስ መልክና ቦታ ላይ ጠንካራ ነው፣ ቲንአይ የሚያገኘው ጥቂት ቢሆንም ከአሮጌው ጀምሮ ይደረድርላችኋል፤ ለእናንተ የሚያስፈልገውም አሮጌው ነው። ካልተገኘ ምስሉን ቀኝና ግራውን ገልብጡና እንደገና ሞክሩ፤ ሆን ብለው የሚገለብጡት ለዚሁ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት በጣም ይደጋገማል። ከተባለው ቀን በፊት የወጣ ኮፒ ከተገኘ ጉዳዩ አለቀ፤ ቪዲዮው የዛሬ አይደለም። ምንም ካልተገኘ ግን "አዲስ ነው" ማለት አይደለም። ፍለጋው አላገኘውም ማለት ብቻ ነው። በዝግ የቴሌግራምና የዋትስአፕ ግሩፕ ውስጥ የዞረ ነገር በፍለጋ ሞተር አይታይም።

በጽሑፍ ስትፈልጉም የአማርኛ ፊደል እንዳያመልጣችሁ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ፤ ሰዉ እንደመጣለት ነው የሚጽፋቸው። አንድን የቦታ ስም ቢያንስ በሦስት አጻጻፍ ሳትሞክሩ "የለም" አትበሉ።

ስለ ኤአይ መለያ ድረ ገጾች፤ በእነሱ ብቻ ፍርድ አትስጡ። ምስል በቴሌግራምና በዋትስአፕ እየተጨመቀ አራት አምስት እጅ ካለፈ በኋላ የሚፈልጉት ዱካ ይጠፋል፤ እውነተኛውን ፎቶ "ኤአይ" ይሉታል፣ ኤአዩን ያሳልፉታል። ሲንትአይዲ የተባለው የጉግል ስውር ምልክትም የሚይዘው ምልክቱን በሚያኖሩ መሣሪያዎች የተሠራውን ብቻ ነው። በዓይን ስታዩ ከሰው ጣት ይልቅ በስተጀርባ ያለውን የሱቅ ታፔላ አጉሉት። የግዕዝ ፊደል ላይ ኤአይ ገና ይንገዳገዳል፤ ፊደል የሚመስል ግን የማይነበብ ነገር ያወጣል። በየጊዜው ስለሚሻሻል ግን ታፔላው ተነበበ ብላችሁ አትለፉት።

ከዲሲ
የጊዜ ስሌቱን ማንም ስላላነሣው እኔ ልጨምር፤ የኛ ሰው በብዛት የሚወድቀው እዚህ ነው።

ሶሻል ሚዲያ ሰዓቱን የሚያሳየው በሚያየው ሰው ስልክ ነው። ኢትዮጵያ ከዩቲሲ (ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) 3 ሰዓት ትቀድማለች፤ ዋሽንግተን እንደ ወቅቱ ከአዲስ አበባ 7 ወይም 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ስለዚህ እዚህ ዋሽንግተን በተነሣ ስክሪንሾት ላይ ያለው ሰዓት ብቻ ሳይሆን ቀኑም ሊለይ ይችላል። "ከክስተቱ አንድ ቀን በፊት ነው የለጠፈው" የሚል ክስ ስታዩ መጀመሪያ ስክሪንሾቱን ማን፣ የት ሆኖ እንዳነሣው ጠይቁ።

ሁለተኛው የአቆጣጠራችን ነው። የዓይን እማኝ "ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት" ካለ በፈረንጅ አቆጣጠር ረቡዕ ከንጋቱ 2 ሰዓት ነው። "ለረቡዕ አጥቢያ ማለትህ ነው?" ብላችሁ መልሳችሁ ጠይቁ፤ አንድ ቀን የሚያዛንፈው ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ሳይባል የተጻፈ ዓመት። "2015 የተነሣ ፎቶ" ሲባል በኛ ከሆነ 2022/23 ነው፣ በፈረንጅ ከሆነ በኛ 2007/08። ሰባት ስምንት ዓመት የሚያክል ልዩነት ነው፤ "አሮጌ ፎቶ ነው" የሚለው የማጣሪያ ጽሑፍ ራሱ በዚህ ሊሳሳት ይችላል።

ጥላ_ለካ
ቦታና ሰዓት ከራሱ ከምስሉ ሊወጣ ይችላል። መጀመሪያ በቀላሉ የሚጥለውን ነገር ፈልጉ። መኪኖቹ በመንገዱ ግራ የሚነዱ ከሆነ ኢትዮጵያ አይደለም፤ ኬንያ፣ ኡጋንዳ ወይም ታንዛንያ ሊሆን ይችላል (ምስሉ አለመገለበጡን አረጋግጣችሁ ነው ታዲያ)። የመኪና ሰሌዳ ካለ በነባሩ ሰሌዳ ኮድ 1 ቀይ የታክሲ፣ ኮድ 2 ሰማያዊ የግል፣ ኮድ 3 አረንጓዴ የንግድ፣ ኮድ 4 ጥቁር የመንግሥት ነው፤ አአ፣ ኦሮ፣ አማ የሚሉት ፊደሎች ደግሞ የተመዘገበበትን ክልል ይነግራሉ። ልብ በሉ፣ የተመዘገበበትን ነው እንጂ ቪዲዮው የተቀረጸበትን አይደለም። የአዲስ አበባ ሰሌዳ ያለው መኪና ጎንደርም ይገኛል።

ከዚያ ጥላ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ከሚያዝያ 6 አካባቢ እስከ ነሐሴ 23 አካባቢ ፀሐይ በቀትር በሰሜን በኩል ስለምታልፍ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀረው ጊዜ ወደ ሰሜን። "ታኅሣሥ ውስጥ በቀትር የተቀረጸ" የተባለ ቪዲዮ ጥላው ወደ ደቡብ ካመለከተ ወይ ወሩ ወይ ሰዓቱ ወይ ቦታው ሐሰት ነው። ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰውም ልክ በ6 ሰዓት አይደለም፤ እንደ ወሩ ከ6፡10 እስከ 6፡40 ባለው ውስጥ ነው።

ለሰዓት ደግሞ የቆመ ነገር ፈልጉና ጥላውን ከቁመቱ ጋር አነጻጽሩ። እኩል ከሆኑ ፀሐይዋ 45 ዲግሪ ላይ ናት። በመስከረምና በመጋቢት አዲስ አበባ ላይ ይህ የሚሆነው ጠዋት ከ3፡20 እስከ 3፡35፣ ከሰዓት ደግሞ ከ9፡15 እስከ 9፡30 ባለው አካባቢ ነው። "ከጠዋቱ 1 ሰዓት" ከተባለ አይገጥምም፤ በዚያ ሰዓት ጥላ ከባለቤቱ ብዙ እጥፍ ይረዝማል። ለሌላ ቀንና ቦታ ሰንካልክ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ነጥቡን አስቀምጣችሁ ሰዓቱን መጎተት ነው።

የሚበላሸው የት ነው? ካሜራው ከላይ ወይም ከጎን ሲያይ ጥላው ያጥራል ወይም ይረዝማል፤ ስለዚህ ርዝመት ላይ ሳይሆን አቅጣጫ ላይ ተደገፉ። አቅጣጫውን ለማወቅ መንገዱን ወይም ሕንፃውን በጉግል ኧርዝ ማግኘት አለባችሁ። ተዳፋት ላይ የወደቀ ጥላም ያሳስታል። በቀትር አካባቢ ጥላ በጣም አጭር ስለሚሆን ስሕተቱ ይሰፋል፤ በክረምት ደግሞ ደመና ስለሚበዛ ጥላ ላይገኝ ይችላል።

"መንደሩ ተቃጠለ" የሚል ነገር ከመጣ በሳተላይት የታየ እሳት በሚያሳየው የናሳ ፊርምስ ካርታ ላይ የሙቀት ነጥብ ፈልጉ። ቪርስ የተባለው የሳተላይት መሣሪያ አንዱ ነጥቡ 375 ሜትር ያህል ስፋት ነው፤ ስለዚህ ቤት ይሁን የእርሻ ገለባ አይነግራችሁም። ኮፐርኒከስ ብራውዘር በተባለው የሳተላይት ምስል ድረ ገጽ ላይ ደግሞ ሴንቲኔል-2 የተባለውን ሳተላይት ምስል ታገኛላችሁ፤ በየ5 ቀኑ በ10 ሜትር ጥራት ያልፋል፤ የፊቱንና የኋላውን ጎን ለጎን ማየት ነው፣ ደመና ካልሸፈነው።

ዴስክ_12
እጅግ አመሰግናለሁ። ደብዳቤውስ? ማህተምና ፊርማ ስላለበት ብቻ ባልደረቦቻችን ቶሎ ያምኑታል።

ባለመዝገብ
ማህተም ዛሬ ከማንኛውም ደብዳቤ ተቆርጦ የሚለጠፍ ነገር ነው። ምስሉን 300 በመቶ አጉሉት። የተመታ ማህተም ቀለሙ እኩል አይሆንም፣ አንዱ ጠርዝ ይደምቃል፣ ሌላው ይደበዝዛል፣ ከፊርማው ቀለም ጋር ይቀላቀላል። የተለጠፈው በሁሉም በኩል እኩል ነው፣ ዙሪያውንም ነጣ ያለ ጥላ ይታይበታል። የወረቀቱ መስመር በካሜራ ተጣሞ ማህተሙ ፍጹም ክብ ሆኖ ከቀረም ያው ነው። ምስሉን የላከውን ሰው በቴሌግራም "እንደ ፋይል" እንዲልከው ለምኑት፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል፣ ከካሜራው የተቀረጸው ቀንና የስልክ ዓይነት መረጃም ይሰረዛል።

ከዚያ ቀኑን ተመልከቱ። ጳጉሜን 6 የሚኖራት ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ብቻ ነው፤ 2011፣ 2015፣ 2019። ጳጉሜን 6 ቀን 2016 የሚል ደብዳቤ የለም። ዕለቱ ከተጻፈም አስሉት፤ መስከረም 1 ቀን 2018 ሐሙስ ነበር፣ ወሮቹ 30 ቀን ስለሆኑ እያንዳንዱ ወር የሚጀምረው ካለፈው ወር መነሻ ሁለት ዕለት ወደፊት ነው፤ ጥቅምት 1 ቅዳሜ፣ ኅዳር 1 ሰኞ። በእሑድ ቀን የወጣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በራሱ ሐሰት አያሰኝም፣ ስልክ ግን ያስደውላል።

የመሥሪያ ቤቱ ስም በዚያ ቀን ነበረ ወይ? የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ከ2011 እስከ 2014 መጀመሪያ ነበር የኖረው፤ አስፈጻሚ አካላትን እንደገና ባደራጀው አዋጅ ቁጥር 1263/2014 ሥራው ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ሄዷል። በዚያ ስም የ2016 ቀን ያለው ደብዳቤ ከመጣ ብዙ መድከም አያስፈልግም።

ስትደውሉ ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ አትደውሉ፤ ሐሰተኛው የራሱን ቁጥር ሊጽፍበት ይችላል። ከመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ወይም ከራሳችሁ የስልክ ዝርዝር ያለውን ተጠቀሙ። ጥያቄውም "ይህ ደብዳቤ የእናንተ ነው?" ብቻ አይሁን፤ የወጪ ቁጥሩን አንብቡላቸውና በዚያ ቁጥር ምን እንደወጣ መዝገብ ቤቱን እንዲያዩ ጠይቁ። "አናውቀውም" ከተባላችሁ የተናገረውን ሰው ኃላፊነትና ሰዓቱን ጻፉ፤ እውነተኛ ደብዳቤ የሚክድ መሥሪያ ቤትም አለና።

በጣም የሚያሳስተው ግን ደብዳቤው እውነተኛ ሆኖ ትርጉሙ ሲጣመም ነው። "ለ" የሚለውን መስመር አንብቡ። ለአንድ ቅርንጫፍ የተጻፈ ትእዛዝ "በመላ አገሪቱ ታገደ" ተብሎ ይዞራል። ቀኑ ያለበት የላይኛው ጥግ የተቆረጠ ምስል ከመጣ ደግሞ የአምናው ደብዳቤ መሆኑን ጠርጥሩ።

ቆጣሪው
ስለ ሕዝብ ብዛት አጭር ነገር። የጃኮብስ ዘዴ ይባላል፤ የበርክሌይ የጋዜጠኝነት መምህር የነበረው ኸርበርት ጃኮብስ በ1960ዎቹ ነው ያወጣው። ስፋቱን በጉግል ኧርዝ ለኩና በጥግግቱ አባዙ። ዘና ብሎ የቆመ ሕዝብ በካሬ ሜትር 1 ሰው ገደማ፣ ጥቅጥቅ ያለ 2 ወይም ትንሽ በለጥ፣ መንቀሳቀስ የሚያቅተው 4። 100 ሜትር በ40 ሜትር የሆነ ቦታ 4,000 ካሬ ነው፤ በ2 ስሌት 8,000 ሰው፣ በ4 ስሌት 16,000። "አንድ ሚሊዮን" ለመባል በ4 ስሌት እንኳ 250,000 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል፤ 35 የእግር ኳስ ሜዳ ማለት ነው። ፊት ለፊት ከመድረክ የተነሣ ፎቶ ኋላውን ስለሚያቀራርብ ሁልጊዜ ያበዛል። ዛፍ፣ መኪናና ባዶ ቦታ ቀንሱ፤ ውጤቱንም በአንድ ቁጥር ሳይሆን "ከ… እስከ" ብላችሁ ተናገሩ።

ሌላ ቁጥር ሲመጣም ወደ ሰውና ወደ ሰዓት መንዝሩት። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን 353,633,660 ችግኝ ተተከለ ተብሎ ነበር፣ በ12 ሰዓት ውስጥ። ያ በሰከንድ ከ8,000 በላይ ነው። አንድ ሰው 20 ቢተክል 17.7 ሚሊዮን ገደማ ተካይ ያስፈልጋል። ይህ ስሌት ሐሰት መሆኑን አያረጋግጥም፤ ምን ዓይነት ማስረጃ መጠየቅ እንዳለባችሁ ነው የሚያሳየው። የየወረዳው ቆጠራ መዝገብ ካልቀረበ ብያኔው "ማረጋገጥ አልተቻለም" ነው እንጂ "ሐሰት" አይደለም።

አርታዒው
ብያኔ ላይ ከቆጣሪው ጋር እስማማለሁ። ሐሰት፣ አሳሳች፣ ከዐውዱ የወጣ፣ ያልተረጋገጠ፤ አራቱን አትቀላቅሉ። "ሐሰት" ለማለት ተቃራኒው ማስረጃ በእጃችሁ ሊኖር ይገባል፤ የማስረጃ እጥረት ብቻውን አይበቃም። አንድ የፌስቡክ ልጥፍ ጠቅሰው የዘገቡ አምስት ሚዲያዎች ደግሞ አምስት ምንጭ አይደሉም፤ አንድ ናቸው።

ሁሉንም ወሬ ማጣራት ግን አያስፈልግም። ሁለት መቶ ሰው ያላየውን ልጥፍ እናንተ አየር ላይ ካወጣችሁት አሰራጩ እናንተ ናችሁ።

የሸገር_ልጅ
እዚህ ላይ አልስማማም ወንድም። ባንክ ገንዘብ እያለቀበት ነው፣ ክትባቱ ይገድላል፣ እንትን ብሔር መንደር ገባ የሚሉ ወሬዎች በ200 ሰው ግሩፕ ውስጥ ተጀምረው ማታውን አደጋ ያደርሳሉ። መለኪያው እይታ ብቻ ከሆነ ሁልጊዜ ዘግይታችሁ ነው የምትደርሱት።

አርታዒው
ጉዳት የሚያደርስ ከሆነ ልክ ነህ፣ ያኔ ቁጥር አይታይም። እንደዚያም ሆኖ ወሬውን ሳትጠቅሱ እውነቱን ብቻ መዘገብ ይቻላል፤ "ባንኩ ዛሬ እንደወትሮው ክፍት ነው፣ ሦስት ቅርንጫፍ ደውለን አረጋግጠናል" ማለት ይበቃል።

ሬዲዮ መሆናችሁን ማንም አላነሣውም። አድማጭ ከመሀል ነው የሚገባው፤ ርዕስ አያይም፣ ወደ ኋላም አይመልስም። ስለዚህ እውነቱን አስቀድሙ፣ ሐሰቱን በመሀል አንዴ በአጭሩ ጥቀሱ፣ እውነቱን መልሳችሁ ዝጉ። የሐሰተኛውን ድምፅ ቅጂ ሳትቆራርጡ አታጫውቱ፤ የአቅራቢው ድምፅ ከላዩ ይደረብበት። በቴሌግራም ቻናላችሁ ምስሉን ስትለጥፉ "ሐሰት" የሚለውን ጽሑፍ በጥግ ሳይሆን በመሀል አግድም ጻፉት፤ በጥግ ከሆነ ተቆርጦ እንደገና ይዞራል።

ለ90 ደቂቃው፦ ማስቀመጥ 10፣ የምስል ፍለጋ 25፣ ቦታና ጊዜ 25፣ ስልክ 20፣ ጽሑፍና ሁለተኛ ሰው እንዲያነበው 10። ስልኩን መጨረሻ ላይ አታድርጉት፤ በሃያኛው ደቂቃ ደውላችሁ መልሱ እስኪመጣ ሌላውን ሥሩ። 90ው ካለቀና ካልተረጋገጠ ወደ ማታው ዜና አይገባም፤ ወረቀቱ ላይ የቀረው ምን እንደሆነ ተጽፎ ለሌሊት ተረኛው ይተላለፋል።